የጎተራ ነቀዝና መዓዛማ ዘይት፦ ሽታ መቼ ይገድላል?

ነቀዝ ጎተራ ውስጥ በዓይን መታየት ሲጀምር ዋናው ጉዳት ደርሶ አልፏል። እንስቷ የበቆሎ ነቀዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትለካ ከ4 ሚሊ ሜትር አትበልጥም። አፏ የሚገኘው ከጭንቅላቷ ወደ ፊት በወጣ ቀጭን ኩምቢ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ፍሬውን ትበሳለች፤ በቀዳዳው አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ መልሳ ትደፍነዋለች። ድፍኑ ከፍሬው ቆዳ ስለማይለይ ገበያ ላይ እህሉን በመዳፉ ዘግኖ የሚያገላብጥ ሸማች ምንም አይታየውም። ከእንቁላሉ እግር የሌለው ነጭ ትል ይፈለፈላል። ትሉ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ እዚያው ቅርጹን ለውጦ ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ ግድግዳውን በልቶ ይወጣል። ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቦታ ይህ ሁሉ 5 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

አንዲት እንስት በዕድሜዋ ከ100 በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች። በኅዳር ጎተራ የገቡ ጥቂት ነቀዞች በግንቦት ጎተራውን ዱቄት በዱቄት የሚያደርጉት በዚህ ስሌት ነው።

የሽምብራና የቦሎቄ ተባዮች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። የሽምብራዋ ጥንዚዛ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከፍሬው ቆዳ ላይ ነው። ሽምብራ ላይ ተበትነው የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች እነዚህ እንቁላሎች ናቸው። ቦሎቄን ከሚያጠቁት ሁለት ዋና ዋና ጥንዚዛዎች አንዷ እንዲሁ ትለጥፋለች፤ ሌላኛዋ በፍሬዎቹ መካከል እንዲያው ትበትነዋለች። የሽምብራዋ ጥንዚዛ ካደገች በኋላ ምግብ አያስፈልጋትም፤ ዕድሜዋም ከአንድና ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም። የበቆሎ ነቀዝ ግን ካደገ በኋላም ለወራት እየበላና እየተራባ ይኖራል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ላይ ጥቅም ስላለው በልቦና ይያዝ።

ከእህል ሁሉ ጤፍ የተለየ ዕድል አለው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለነቀዝ ትል ማደሪያ አይሆንም። በደህና ጎታ የገባ ጤፍ ለዓመታት ሳይነቅዝ የሚቆየው ለዚህ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች በቆሎን ወይም ማሽላን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡበት ምክንያትም አለው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ነቀዙ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሲያስፈልግ በወንፊት መለየት ነው።

ገበሬው በእጁ ያለው መድኃኒት

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከአጨዳ በኋላ የሚባክነው እህል በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት ገልጿል። ከዚህ ውስጥ የተባይ ድርሻ የሚጎላው በአነስተኛ ገበሬ ጎታ ነው። ገበሬው እህሉ ሳይነቅዝበት ለመሸጥ ሲል ዋጋ በወደቀበት ወር ገበያ ያወጣዋል፤ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ መልሶ ይገዛል።

ለዚህ ሲባል በየገጠሩ ሱቅ የሚሸጠው መፍትሔ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ከእህል ጋር የሚታሸው ዱቄት ነው። ዱቄት የሚገድለው የነካውን ነው፤ በፍሬው ሆድ ውስጥ የተቀመጠውን ትል ግን አይደርስበትም። ሁለተኛው ብዙዎች ፎስቶክሲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት ክኒን ነው። ክኒኑ የአሉሚኒየምና የፎስፎረስ ውሁድ ነው፤ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ በፍሬው ቆዳ አልፎ እንቁላሉንም ትሉንም ያገኛቸዋል።

ችግሩ ሰውንም አለማስተረፉ ነው። ለፎስፊን ማርከሻ አልተገኘለትም። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ አየር በማያሳልፍ ሸራ ተሸፍኖ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ሊሠራበት የታሰበ መድኃኒት ነው። በተግባር ግን ቤተሰብ በሚተኛበት ክፍል ጥግ የቆመ ማዳበሪያ ውስጥ ሲወረወር ይታያል። ከረጢቱ ስለሚያሳልፍ ጋዙ ነቀዙን ሳይጨርስ ይወጣና ቤቱን ይሞላል።

በዚህ ዓይነት ግማሽ አጠቃቀም የሚተርፉት ነቀዞች ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱት ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 በመላው ዓለም ባስጠናው ጥናት ከተመረመሩት የተባይ ናሙናዎች ከ10 አንዱ ገደማ ፎስፊንን የሚቋቋሙ ነፍሳት ተገኝተውበታል። ከዚያ ወዲህ መላመዱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሌላው ታላቅ የመጋዘን ጋዝ ሜቲል ብሮማይድ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታዳጊ አገሮች በ2015 ከተራ አገልግሎት ወጥቷል፤ የቀረው ለኳራንቲንና ከጭነት በፊት ለሚደረግ ማጠን ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ መዓዛማ ዕፅዋት ያዞሩት ይህ በር እየጠበበ ሲሄድ ነው። ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር፦ እንደ ፎስፊን በአየር ተጉዞ ፍሬው ውስጥ የሚደርስ፣ ከጓሮ የሚገኝ፣ ሰውን የማይፈጅ ትነት ይኖር ይሆን?

ዘይት ሲባል የትኛው ዘይት?

የኑግ ዘይትና የባሕር ዛፍ ዘይት ሁለቱም ዘይት ይባሉ እንጂ ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ለመለየት ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልግም። ከእያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ መጠበቅ ይበቃል። የኑጉ ጠብታ በማግስቱም ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ምልክት ሆኖ ይገኛል። የባሕር ዛፉ ግን በኖ ይጠፋል፤ ክፍሉ ይሸታል እንጂ ወረቀቱ ላይ የረባ ነገር አይቀርም። የምግብ ዘይት ከባድ ቅባት ነው፤ መዓዛማ ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ቀላልና ተናኝ የሆኑ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው።

ቅባቱም በነቀዝ ላይ የራሱ ሙያ አለው። በኮሎምቢያ የሚገኘው የሐሩር ክልል የግብርና ምርምር ማዕከል ባልደረባ ሽኮንሆፈን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ በአንድ ኪሎ ቦሎቄ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ማሸት ከጥንዚዛ እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። በፍሬው ላይ የተለጠፈ እንቁላል ቅባት ሲለብስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ ግን መታፈን እንጂ መመረዝ አይደለም፤ ፍሬ ውስጥ አስቀድሞ የገባውንም አያገኘውም።

መዓዛማው ዘይት የሚወጣው በእንፋሎት ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ዘዴውን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል፦ ከታች እሳት፣ መካከል ላይ የታሸገ ማሰሮ፣ ከዚያ እንፋሎቱ የሚያልፍበት ቱቦና ቀዝቃዛ ውሃ። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ነው። አልኮል ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ የቅጠል ዘይት ግን ከውሃ አይስማማም፣ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራልና በቀላሉ ይቀዳል። ቅርንፉድ ከዚህ ሥርዓት ይወጣል፤ ዘይቱ ከውሃ ስለሚከብድ የሚጠልለው ታች ነው። ከደረቀ የቅርንፉድ እምቡጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ዘይት ሊወጣ ይችላል። ከብዙዎቹ ቅጠሎች የሚገኘው ግን 1 በመቶ ገደማ ነው።

በየዘይቱ ውስጥ ጎልቶ የሚገኝ ንጥረ ነገር አለ። በነጭ ባሕር ዛፍ ሲኒዮል ነው፤ በቅርንፉድ ዩጄኖል፤ በጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል፤ በነጭ አዝሙድ ታይሞል፤ በብርቱካን ልጣጭ ሊሞኒን። ለአንዲት የኢትዮጵያ ባለሙያ እመቤት ይህ ዝርዝር የቅመም መደርደሪያዋ ነው።

ከማዕድ ቤት ወደ ቤተ ሙከራ

በሩዋንዳ ገበሬዎች ቦሎቄና ሌላ እህል ሲያስቀምጡ የበሶብላ ዘመድ የሆነ የአንድ ተክል ቅጠል ጣል ያደርጉበታል። ዴቪድ ዊቨር፣ ፍሎረንስ ደንከልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልማድ ፈተሹ። የቅጠሉ ጉልበት በአብዛኛው ሊናሉል ከሚባለው መዓዛማ ንጥረ ነገር እንደሚመነጭና ቅጠሉ ወዲያው ሲፈጭ ሊናሉሉ በብዛት እንደሚለቀቅ አዩ። ሳይፈጭ ሙሉውን የተጨመረ ቅጠል ዘይቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ የሚለቀው ጥቂት በጥቂት ነው። ቅጠሉ አንድ ሆኖ ሳለ የፈጪው እጅ ውጤቱን ይለውጠዋል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኤሊ ሻያና ጓደኞቹ በእስራኤል የበርካታ ዕፅዋትን ዘይትና ንጥረ ነገሮች በአራት የመጋዘን ተባዮች ላይ ሞክረው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ጥናቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው አንድ ነገር አጥርቶ ስላሳየ ነው፦ ለሁሉም የሚሆን ዘይት የለም። እህል ቦርቧሪ ለሆነችው ትንሽ ጥንዚዛ ሲኒዮል፣ የሮዝሜሪና የላቬንደር ዘይት በረቱባት። ጎኗ እንደ መጋዝ ጥርስ ለሆነው ሌላ ጥንዚዛ ደግሞ ሊናሉል፣ ካርቫክሮል፣ የበሶብላና የጦስኝ ወገን ዘይቶች የተሻሉ ሆኑ። የዱቄት ጥንዚዛውን የነኩት ሲኒዮል፣ የአኒስና የናና ዘይት ነበሩ። ‹‹ፀረ ነቀዝ›› ብሎ ብቻ የሚሸጥ ጠርሙስ የትኛውን ነቀዝ ማለቱ እንደሆነ ካልተናገረ ግማሹን መልስ ደብቋል።

ናይሮቢ ላይ በዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ የተሠራው ሥራ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይቀርባል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በቀለ ጀምበሬ ከዳንኤል ኦቤንግ ኦፎሪ፣ ከአህመድ ሐሰናሊና ከኒያማስዮ ጋር የኪሊማንጃሮ በሶብላ ከሚባለው ተክል ቅጠል የተገኙ ምርቶችን በሦስት ዋና ዋና የእህል ተባዮች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1995 አሳተሙ። የዚህ ተክል ሽታ ካፉር ካፉር ይላል፤ ዋናው ንጥረ ነገሩም ካፉር ነው። በቀለና ሐሰናሊ ቆየት ብለው በ2001 ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ የዘይቱ ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ተነጥለው የሚያሳዩት ኃይልና ተቀላቅለው የሚያሳዩት አንድ ነውን? አይደለም። አንዱ ለብቻው ብዙም ሳይሠራ ከሌላው ጋር ሲሆን ሊያግዘው ይችላል፤ ተባዩ ሲለወጥም የድብልቁ ውጤት ይለወጣል። ከዘይቱ ‹‹ዋናውን›› ንጥረ ነገር ብቻ መዝዞ መሸጥ ተክሉ ራሱ የሠራውን ቅመማ መጣል ሊሆን ይችላል።

በነቀዙ ሰውነት ውስጥ

ነፍሳት ሳንባ የላቸውም። አየር የሚገባቸው በጎንና ጎናቸው በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ከእነዚያ በሚነሡ ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ በየሥጋው ስለሚዘልቁ የገባው ትነት ወደ ነርቭ ለመድረስ ረጅም መንገድ የለበትም።

በነርቭ ላይ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ኦክቶፓሚን ከሚባል መልእክተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በሰው ልጅ ሰውነት አድሬናሊንና ወገኖቹ የሚሠሩትን ሥራ፣ ማለትም ልብን ማፍጠን፣ ጡንቻን ለሩጫ ማነሣሣትን፣ በነፍሳት ዘንድ የሚሠራው ኦክቶፓሚን ነው። ኤሳም ኤናን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ዩጄኖልን የመሳሰሉ የመዓዛማ ዘይት ንጥረ ነገሮች ይህን ሥርዓት እንደሚያውኩ አሳይቷል። ታይሞል በበኩሉ ነርቭን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ሥርዓት ይነካል። የተመረዘ ነቀዝ መጀመሪያ ይቅበዘበዛል፤ ቀጥሎ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ በጀርባው ወድቆ ይንፈራገጣል። ከሞት በፊት የሚመጣው ይህ መቅበዝበዝ ራሱ ጥቅም አለው፤ የተረበሸች እንስት እንቁላል የመጣል ሥራዋን ትተዋለች።

ኦክቶፓሚን በሰውና በከብት ሰውነት የዚህን ያህል ሚና የለውም። ከእነዚህ ዘይቶች ብዙዎቹ ነቀዝን በሚጎዱበት መጠን ሰውን የማይጎዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዱ ምክንያት እንጂ ዋስትና አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት በጥቂት ሚሊ ሊትር መጠን እንኳ ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ለከባድ መመረዝ ይዳርጋል፤ ካፉርም እንዲሁ ነው። የቅርንፉድ ንጹሕ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል። ኒኮቲንም ከተክል የሚገኝ ሲሆን በግብርና ታሪክ ከታወቁት አደገኛ መርዞች አንዱ ነው። ‹‹ተፈጥሯዊ›› የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሚመርዝ አይናገርም።

አንድ ኩንታል ሲመጣ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ማስረጃው በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተከማቸ፣ ጠርሙሱ በየገበያው ለምን አልታየም?

መልሱ ያለው በቤተ ሙከራው ማሰሮና በገበሬው ጎታ መካከል ነው። ብዙው ሙከራ የሚደረገው በትንሽ የታሸገ ብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ነቀዝ ይገባል፣ የተመጠነ ዘይት ይጨመራል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ በማግስቱ ሬሳ ይቆጠራል። ዕቃው ውስጥ እህል ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሬው ራሱ ትነቱን ስለሚመጥ ያንኑ ያህል ነቀዝ ለመግደል ብዙ እጥፍ ዘይት ይጠይቃል።

ለምሳሌ ያህል በባዶ ዕቃ ለአንድ ሊትር አየር 50 ማይክሮ ሊትር የሚበቃ ዘይት አለ እንበል። አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 140 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ስሌቱ 7 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ነው። እህሉ የሚመጠው ታስቦ 5 እጥፍ ይሁን ቢባል 35 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከቅጠል የሚወጣው ዘይት 1 በመቶ ከሆነ ለአንድ ኩንታል ከ3 ኪሎ በላይ ቅጠል መነጠር አለበት። 20 ኩንታል ላለው ቤተሰብ ከ60 ኪሎ በላይ ቅጠል፣ ማንጠሪያ ዕቃ፣ ማገዶና የአንድ ሰው ጉልበት ያስፈልጋል። ይህም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትነቱ ከወጣ በኋላ ከጎረቤት ጎታ የሚበርረውን ነቀዝ የሚከለክል አንዳች ነገር አይቀርም።

የመዓዛማ ዘይት ነገር ዕንቆቅልሹ እዚህ ነው። ፍሬው ሆድ ውስጥ የሚያደርሰው መትነኑ ነው፤ ከጎታው የሚያስኮበልለውም ያው መትነኑ ነው። ጥቅሙንና ጉድለቱን ለይቶ አንዱን መጣል አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው የሚተንበትን ፍጥነትና የሚሄድበትን ቦታ መቆጣጠር ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። በባሌ ደጋ የተለቀመ ጦስኝና በመንዝ የተለቀመ ጦስኝ መልካቸው ቢመሳሰልም የታይሞላቸውና የካርቫክሮላቸው መጠን ሊለያይ ይችላል። የተቆረጡበት ወር፣ የደረቁበት ሁኔታ፣ የተነጠሩበት ሰዓት ርዝመት ሁሉ ዘይቱን ይለውጡታል። ባሕር ዛፍም ነጩና ቀዩ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ‹‹የጦስኝ ዘይት 10 ጠብታ›› የሚል መመሪያ ዘይቱ ካልተመረመረ በቀር በአንዱ ቀበሌ ሠርቶ በሌላው ሊከሽፍ ይችላል። በዚያ ላይ ጦስኝ በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም በመሆኑ ገበያው ቢደራ መጀመሪያ የሚራቆተው ተራራው ነው። በኢትዮጵያ በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ልማት ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ተፈላጊ የሚሆነው ተክሉን በእርሻ ማልማትና ዘይቱን መመርመር አብረው መሄድ ስላለባቸው ነው።

ከዚያ የፈቃድ ጉዳይ ይከተላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የቅርንፉድ፣ የጦስኝ፣ የሮዝሜሪ፣ የቀረፋ፣ የጠጅ ሳርና የመሳሰሉትን ዘይቶች ‹‹ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው›› ብሎ ከረጅሙ የፀረ ተባይ ምዝገባ ነጻ ስላደረጋቸው እዚያ ገበያ ላይ ለመውጣት ቻሉ። በአብዛኞቹ አገሮች ግን እንደ ማንኛውም ፀረ ተባይ በሙሉ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የፈተናውን ወጪ ደግሞ በጓሮ በሚበቅል፣ የባለቤትነት መብት ሊጠየቅበት በማይችል ቅጠል ላይ የሚያወጣ ኩባንያ ብዙ አይገኝም። ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ በእንዶድ ያውቁታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ግኝቱ ለበሽታው መከላከያ ተስፋ የሰጠ ነበር። ይሁንና እንዶድ ሰውን እንደማይጎዳ በዓለም አቀፍ መመዘኛ እስኪያረጋግጡ ድረስ ብዙ ዓመታት ጠየቃቸው። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው።

ትነቱን ማሠር

ዘይቱ ቶሎ እንዳያመልጥ የሚደረገው ጥረት ከተራቀቀው እስከ ቀላሉ ይደርሳል። በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ዘይቱን በጥቃቅን ሽፋን እየጠቀለሉ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የሚያደርጉ አሉ። ለአፍሪካ ገበሬ የሚቀርበው ግን ሸክላ ነው። ኬይታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ዓይነት በሶብላ ዘይት ካኦሊን በሚባል ነጭ የሸክላ ዱቄት አስመጥጠው በአደንጓሬ ወገን ጥራጥሬ ተባይ ላይ ሞክረዋል። ካሜሩን ውስጥም ንጌምቹዊንና ባልደረቦቿ እንዲሁ በሸክላ የተመጠጠ መዓዛማ ዘይት ለበቆሎ ጥበቃ ፈትነው በ2010 አሳትመዋል። ሸክላው ዘይቱን ይዞ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል፤ ዱቄቱ ራሱም የነፍሳትን ቆዳ እየፋቀ ያደርቃቸዋል።

ሌላው መፍትሔ ከረጢቱ ነው። ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት የተጠነሰሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካሜሩን ውስጥ በአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ሆነው በየተራ ይታሠራሉ። ውስጥ ያለው ነቀዝ የተረፈውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያ መብላቱን ያቆማል፣ ይደርቃል፣ ይሞታል። መድኃኒት አልተጨመረም። ኢትዮጵያ ውስጥም በብዙ ወረዳዎች ይሸጣል።

ከረጢቱ ብቻውን ከሠራ ዘይቱ ምን ይሠራል? ለትልቅ የበቆሎ ክምችት ምናልባት ብዙም አያስፈልግም። ዘይቱ ቦታ የሚኖረው መጠኑ ትንሽ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ የተባዩ ዕድሜም አጭር በሆነበት ነው። ሽምብራ፣ ቦሎቄና አተር በጀሪካን ወይም በበርሜል የምታስቀምጥ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ታሟላለች። የሽምብራዋ ጥንዚዛ አሥር ቀን ያህል ስለምትኖር ለጥቂት ቀናት የተዘጋ ትነት እንቁላል ሳትጥል ሊደርስባት ይችላል። በቆሎ ላይ ለወራት የሚኖረው ነቀዝ ግን ትነቱ ሲያልቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ሽታውም ቢሆን እዚህ ዕዳው ይቀልላል። የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው የስንዴ ዳቦ ማንም አይገዛም። ሽምብራ ግን ሽሮ ሊሆን ነው፤ ሽሮው ውስጥ ደግሞ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድና ጦስኝ ቀድሞውኑ ይገባሉ። የኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ነቀዝን ከሚያውኩት ዕፅዋት ብዙዎቹን በምግብነት የለመደ መሆኑ ለተመራማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ለዘር በሚቀመጥ እህል ላይ ግን ጥንቃቄ ይጨመራል። መዓዛማ ዘይቶች የዘርን መብቀል ሊያዘገዩ ወይም ሊያስቀሩ ይችላሉ። ከመዝራት በፊት 50 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ማየት ቀላል ፈተና ነው።

ቅደም ተከተሉ

ከሁሉም ዘዴ በፊት የሚመጣው ማድረቅ ነው። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች የወረደ በቆሎ ለነቀዝም ለሻጋታም አይመችም። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በጨው መፈተን ይችላል፦ ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና አንድ ጭብጥ በቆሎ አድርጎ ክዳኑን ገጥሞ መናጥ፣ ከዚያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ። ጨው በዕቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ካልተለጠፈ ለጎታ ደርሷል።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። አምና በተረፈ እህል ላይ አዲሱን መጨመር ነቀዙን ከነልጆቹ ማስተላለፍ ነው። ጎታው ተጠርጎ፣ ስንጥቁ በጭቃ ተለቅልቆ፣ ከዚያ ይታጠናል። ወይራና ጥንጁት የማጠን ልማድ በብዙ የአገሪቱ ክፍል አለ፤ ባዶውን ዕቃ ማጠን ትርጉም የሚሰጠውም እህል ትነቱን ሳይመጥበት፣ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው ነቀዝ ብቻውን እያለ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው መግጠም ነው፦ ፒክስ ከረጢት፣ አፉ የሚጠብቅ በርሜል ወይም እስከ አፉ የተሞላ ጀሪካን። መዓዛማው ዘይት ወይም ትኩስ የተፈጨው ቅጠል አራተኛ ሆኖ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዘሎ የሚመጣ ዘይት አፉ በተከፈተ ጎተራ ውስጥ ሽቶ ከመሆን አያልፍም።

ነገ ‹‹ከተፈጥሮ ዕፅዋት የተሠራ የነቀዝ መድኃኒት›› የሚል ጠርሙስ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለሚያጋጥመው ገበሬ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከዚህ ይወጣሉ። የትኛው ተክል ነው፣ ዋናው ንጥረ ነገሩስ ስንት በመቶ ነው? በየትኛው ተባይ ላይ ተፈተነ? ሙከራው ባዶ ዕቃ ውስጥ ነበር ወይስ እህል በሞላበት? ለአንድ ኩንታል ስንት ሚሊ ሊትር ይገባል፣ ዕቃውስ ለስንት ቀን ተዘግቶ ይቆያል? እህሉን ለምግብ ለማዋል ስንት ቀን ይጠበቃል? የአገሪቱ የፀረ ተባይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ቁጥር አለው ወይ? ሻጩ ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች መልስ ካለው ጠርሙሱን ማንሣት ይቻላል። ከሌለው ያንኑ ገንዘብ ለአንድ ፒክስ ከረጢት ማዋል ይሻላል።